ብራውዘራችሁን ማን መረጠው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የጄኔሬተር ድምፅ ከሰማችሁ የታችኛው ሱቅ ነው፤ መብራት ሄዷልና ታገሱኝ።

የዛሬው ወሬ ስለ ብራውዘር ነው፤ ድረ ገጽ ስለምንከፍትበት መተግበሪያ ማለቴ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን ብራውዘር የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ? አብዛኞቻችን አልመረጥንም። አንድሮይድ ከሆነ ክሮም፣ አይፎን ከሆነ ሳፋሪ ተጭኖለት ነው ከካርቶኑ የወጣው። ከፈትነው፣ ሠራ፣ በዚያው ቀጠልን።

የሚገርመኝ፣ ድሮ እንዲህ አልነበርንም። በኖኪያ ዘመን ሁላችንም መራጮች ነበርን። ስልኩ ይዞት የመጣው ብራውዘር አንድ ገጽ ለመክፈት ዓመት ይፈጃል፣ እስኪከፍት ደግሞ ካርዱን ይበላዋል። መድኃኒቱ ኦፔራ ሚኒ ነበር። ለማውረድ ዳታ የሚያባክን ሰው አልነበረም፤ ዶርም ውስጥ አንዱ ካለው ከእሱ በብሉቱዝ ይወሰዳል፣ እስከ ማታ ፎቁ በሙሉ ጭኖታል።

ኦፔራ የኖርዌዮች ሥራ ነው። ሚኒው ብቅ ያለው በ2005 ነው፤ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው። ዘዴው ምን መሰላችሁ፣ አድራሻ ስትጽፉ ገጹን የሚያመጣው ስልካችሁ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር፣ ማለትም የኩባንያው ኮምፒውተር ነው። ሰርቨሩ ገጹን ይከፍታል፣ ፎቶውን ያሳንሳል፣ ትርፍ ትርፉን ያራግፋል፣ ከዚያ ጨምቆ ይልክላችኋል። ኩባንያው ራሱ እስከ 90 በመቶ ዳታ ይቆጥባል ይል ነበር። ማስታወቂያ ነው ብላችሁ ግማሹን ብትጥሉት እንኳ ለተማሪ ኪስ ብዙ ነው።

ዋናው ታሪክ ግን የአማርኛው ነው። በነዚያ ስልኮች የአማርኛ ገጽ ስትከፍቱ የሚመጣው ፊደል አይደለም፣ በረድፍ የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነው። ከዚያ አንዱ ምስጢሩን ያሾልክላችኋል። አድራሻ መጻፊያው ላይ ኦፔራ፣ ኮሎን፣ ኮንፊግ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንድ የዝርዝር ገጽ ይመጣል። ወደ ታች፣ ወደ ታች ስትወርዱ ስለ ቢትማፕ ፎንት የሚያወራ መስመር ታገኛላችሁ፤ «ኖ» የሚለውን «የስ» ታደርጉና ሴቭ። ገጹን መልሳችሁ ስትከፍቱት ሳጥኑ ሁሉ አማርኛ ሆኗል! ፊደሉን ሰርቨሩ ሥዕል አድርጎ ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ስልኩ አማርኛ ባያውቅም ግድ የለውም። ሥዕል በመሆኑ ከበድ ይላል፣ ዳታም ይጨምራል፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! ይህን ማስተካከል የሚችል ልጅ ማኪያቶ ይጋበዝ ነበር።

ሌላም ጎን አለው። መካከል የቆመው ሰርቨር ገጹን የሚከፍተው እሱ ስለሆነ፣ የምታዩትንም የምትጽፉትንም ሊያይ ይችላል፣ ፓስወርድ ጭምር። ያኔ ከፌስቡክ በቀር ምን የሚደበቅ ነገር ነበረን? ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ አልገባም ነበር። ዛሬ ገጽ ጨምቆ በሚያመጣ ብራውዘር የባንክ አካውንቴን አልከፍትም፣ እናንተም ባትከፍቱ ይሻላል።

ታዲያ ስማርት ስልኩ መጣ፣ አማርኛውም አብሮት መጣ። ችግሩ ሲቀር መምረጡም ቀረ።

እርግጥ ስሙ ዛሬም ብዙ ነው። ግን ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ የቆሙት ክሮሚየም በሚባለው፣ ጎግል በሚመራው መሠረት ላይ ነው። ኦፔራ የራሱን ሞተር፣ ገጹን አንብቦ የሚያሳየውን ክፍል ማለቴ ነው፣ በ2013 ተወው፤ ማይክሮሶፍትም በ2020 አዲሱን ኤጅ እዚያው ላይ ሠርቶ አወጣ። ከዚህ ውጭ ስም ያላቸው የአፕሉ ሳፋሪና የሞዚላ ፋየርፎክስ ናቸው። ስለዚህ ሰው «ክሮም ይፈጥናል ኤጅ?» ብሎ ሲከራከር እኔ ሻይ ላዝዝ እነሳለሁ።

ይልቅ ይህን ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ በጎግል ላይ በቀረበው የሞኖፖሊ ክስ አንድ ቁጥር አደባባይ ወጣ። በ2022 ብቻ ጎግል ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ለምን? ሳፋሪ ላይ አንድ ነገር ስትፈልጉ መልሱን የሚያመጣው ጎግል እንዲሆን ነው። መቀየሪያው እዚያው ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ የከለከለን የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው እኛ እንደማንነካው ስለሚታወቅ ነው! እኔ ለሁለት ደቂቃ ሥራ ሰንፌ፣ ሌላው በስንፍናዬ ቢሊዮን ይዋዋላል። አስቂኙ ደግሞ ሞዚላም አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ለዚሁ ጉዳይ ከዚያው ከጎግል መሆኑ ነው። ከጎግል ሸሽታችሁ ፋየርፎክስ ቤት ብትገቡ ኪራዩን የሚከፍለው ጎግል ነው።

እኔ እንዲያም ሆኖ ስልኬ ላይ የማነበው በፋየርፎክስ ነው። ምክንያቴ የኪስ ነው። ክሮም በአንድሮይድ ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን የሚባለውን፣ ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ አያስጭንም፣ ፋየርፎክስ ያስጭናል። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ስጭን ዜና ላይ ራሱ የሚነሣው ቪዲዮ ጠፋ፣ የወር ፓኬጄም ዕድሜው ረዘመ። በማስታወቂያ የሚኖሩ ጸሐፊዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የምወዳቸው ገጾች ላይ አጠፋዋለሁ። የሥራውን ግን ክሮም ላይ ትቼዋለሁ። አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ሌላ ብራውዘር ላይ «ላክ» የሚለው ቁልፉ ንክች አይልም፣ ምን ታደርጉታላችሁ?

ታብ ያልዘጋችሁ ደግሞ ክሮም ያውቅባችኋል። አንድሮይድ ላይ የከፈታችሁት ከ99 ካለፈ ቁጥሩን ይተውና የሚስቅ ፊት ያሳያችኋል። የኔው መሳቅ ከጀመረ ሰንብቷል። ውስጡ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዋጋ አለ፣ ግማሹ የተነበበ የምርጫ ትንታኔ አለ፣ ለማን እንደከፈትኩት የማላስታውሰው የቪዛ ቅጽ አለ። «በኋላ አነበዋለሁ» የምንለው ነገር መቼም አይነበብም፤ ግን ዝጋው ቢሉኝ አልዘጋውም።

ለነገሩ አሁን አሁን ብዙዎቻችን ብራውዘሩንም አንከፍትም፣ ሊንኩ ሁሉ ቴሌግራም ውስጥ ነው። ስንነካው እዚያው ውስጥ ይከፈታል፣ የጫናችሁት ማስታወቂያ ከልካይም እዚያ የለም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ኢን-አፕ ብራውዘር የሚል አለላችሁ፤ አጥፉትና ሊንኩ ወደ ራሳችሁ ብራውዘር ይሄዳል። ሳምንት እንግዳ ይኖረኛል፣ መብራትም ከኖረ። ሰላም ሁኑልኝ።