ተራው ማክሰኞ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ወጣት ማዕከላችን ላጫውታችሁ። ትናንት የሦስት ወር ውዝፍ ኪራይ የሚጠይቅ ደብዳቤ በር ሥር ተሸጉጦ አገኘሁ።

ገንዘብ ጨርሶ አይመጣም ማለቴ አይደለም። ባለፈው ዓመት ስድስት ኮምፒውተር ተሰጥቶናል፤ ከልባችን ነው ያመሰገንነው። ግን መብራቱን ማን ይክፈል? ጽዳቱንስ? የፕሮጀክት ገንዘብ ለሥልጠና፣ ለዕቃ፣ ለባነር ይገኛል። ኪራይ ስትሉ "የአስተዳደር ወጪ ነው" ተብሎ ከዚህ በላይ አይከፈልም የሚል ጣሪያ ይበጅለታል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥልጠናውም ያበቃል። ልጆቹ ግን በማግስቱም ይመጣሉ።

በዓለም አቀፍ የወጣቶች ቀን፣ ኦገስት 12፣ አዳራሹ ይሞላል። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን ከሰየመው ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ በብዙ አገር ይከበራል። ደስ የሚል ቀን ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ተራው ማክሰኞ ነው።

አንድ ልጅ አለ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ ወደ እኛ ነው። መዝገቡ ላይ ስሙን ይጽፍና መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ኮምፒውተር አይነካም፤ ውይይት ላይም አይናገርም። ልንዘጋ ስንል ወንበሮቹን ይደረድርልናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሪፖርት ስጽፍ "የተገኘ ውጤት" የሚለው ቦታ ላይ እሱን ምን ብዬ ላስገባው? ቅጹ የሚጠይቀኝም ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ የሚጠቀምበትን ዕድሜ። ልጁ ገና 13 ነው።

ባለፈው ወር አሞኝ ሁለት ቀን ሳልከፍት ቀረሁ። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስደርስ ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል።

"ትናንትም መጥቼ ነበር" አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። ቦርሳውን አንስቶ ተከትሎኝ ገባ። እኔ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማዕከሉን ብቻዬን ተሸክሜ ያቆምኩት ይመስለኝ ነበር። ለካ ማንንም ሳላምን ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ መዞሬ ነው በሩን የዘጋው።

በማግስቱ ሁለት ቁልፍ አስቀረጽኩ። አንዱን እዚያው ያደገች የ19 ዓመት ልጅ ወሰደች፤ ሌላውን አንድ ጡረተኛ አባት።

ነገ አከራዩን ሄደን ውዝፉን ከፋፍለን እንድንከፍል እንለምናለን። ጥቂት ወላጆችም አብረውን ይሄዳሉ። እሺ ይበለን አይበለን ገና አላውቅም። አሁን እዚህ ተቀምጬ ይህን ስቀዳላችሁ ግን ማዕከሉ ክፍት ነው፤ መብራቱም በርቷል።