የፓኖራማ ስፌት የሚጀምረው ከቆምንበት ቦታ ነው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የፎቶግራፍ ሠልጣኞች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት ብዙ ፎቶዎችን በሶፍትዌር አገጣጥሞ አንድ ሰፊ ፓኖራማ ስለመሥራት ነው። ከዓመታት ልምምድ በኋላ የተረዳሁት ግን ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ካሜራችንን ይዘን በቆምንበት ቦታ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዬን እዚያ ላይ አውለዋለሁ።

የመጀመሪያ ፓኖራማዬን የሞከርኩት ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ነበር። ከአንድ የድንጋይ አጥር አጠገብ ቆሜ፣ ካሜራውን በእጄ ይዤ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞርኩ 7 ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳገጣጥማቸው በሩቁ የሚታየው ግንብ ያለ እንከን ገጠመ፤ አጠገቤ የነበረው አጥር ግን ሁለት ቦታ ላይ ተቆርጦ፣ የላይኛው ጠርዙ እንደ ደረጃ ወርዶ አገኘሁት። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ይመስለኝ ስለነበር እውነተኛውን ምክንያት ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ምክንያቱን እናንተ አሁን በተቀመጣችሁበት ልታዩት ትችላላችሁ። እባካችሁ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ካለ አንድ ነገር ጋር አስተካክሉት። ከዚያም ጣታችሁን ሳታነቃንቁ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ቦታ ሲቀያይር ታያላችሁ፤ ዓይናችን ያለው አንገታችን በሚዞርበት መስመር ላይ ሳይሆን ከዚያ ወደፊት ወጣ ብሎ ነውና። ካሜራም እንዲሁ ነው። ትራይፖድ ላይ አስረን ስናዞረው የሚዞረው ከሥሩ ባለው ብሎን ዙሪያ ሲሆን፣ መዞር የሚገባው ግን ሌንሱን ከፊት ለፊት ስንመለከተው የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ያለበት መስሎ በሚታየን ነጥብ ዙሪያ ነው። ይህን ለማግኘት ካሜራውን በተንሸራታች ብረት ላይ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደፊት ገፋ እያደረግን፣ ስናዞረው የቅርቡ ምሰሶ ከሩቁ ምሰሶ ጋር እንደተስተካከለ እስኪቀር ድረስ እንሞክራለን፤ ሲገኝም ለዚያ ሌንስ ብረቱ ላይ ምልክት እናደርጋለን። የቅርብ ነገር በማይገባበት እይታ፣ ለምሳሌ ከእንጦጦ ላይ ሆነን አዲስ አበባን ስናነሳ፣ በእጅ ይዞ መዞርም ይበቃል።

ሁለት ወርድ ሸማ ጎን ለጎን ሲሰፋ ጥለቱ ካልገጠመ፣ ንጣቱም ካልተመሳሰለ ስፌቱ ከሩቅ ያስታውቃል። በፎቶም ካሜራው በአውቶማቲክ ከተተወ ወደ ፀሐይ ሲዞር ያጨልማል፣ ወደ ጥላ ሲዞር ያፈካል፤ ስለዚህ የብርሃን መጠኑ፣ የቀለም ሚዛኑና ፎከሱ ከመጀመሪያው ፎቶ በፊት በእጅ ተወስነው እስከ መጨረሻው ሳይነኩ መቆየት አለባቸው። እያንዳንዱ ፎቶም ከጎረቤቱ ጋር በወርዱ ሲሶ ያህል መደራረብ ይኖርበታል። 24 በ36 ሚሊሜትር ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ አድርገን በቁመት ብናነሳ፣ አንዱ ፎቶ ወደ ጎን 27 ዲግሪ ያህል ይይዛል፤ በየ18 ዲግሪው 10 ፎቶ ብናነሳ ከግማሽ ክብ ጥቂት ያለፈ እይታ እናገኛለን ማለት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ሶፍትዌር ሁጊን ነው። መሠረቱ ጀርመናዊው ሄልሙት ዴርሽ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩት ፓኖራማ ቱልስ ሲሆን፣ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁጊን በሁለት ፎቶዎች ላይ የሚታየውን አንድ ነገር በነጥብ እያጣመረ ነው የሚያገጣጥመው፤ ነጥቦቹንም በራሱ መፈለግ ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሥራዎቻችሁ ላይ ነጥቦቹን በእጃችሁ እንድትተክሉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ስሜን ተራሮች ላይ ከገደሉ አፋፍ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ሳገጣጥም፣ ሶፍትዌሩ ከነጥቦቹ ብዙዎቹን ያሳረፈው ደመና ላይ ነበር፤ ደመናው ደግሞ አንዱን ፎቶ አንስቼ ወደ ሌላው እስክዞር ቦታውን ለቅቆ ነበርና የተራራው ጫፍ ተጣመመ። የደመናዎቹን ነጥቦች ሰርዤ በድንጋዩ ስንጥቅና በጅብራው ግንድ ላይ አዲስ ስተክል ወዲያው ተስተካከለ። በእጁ ተክሎ የማያውቅ ሰው ስህተቱ የት እንዳለ እንኳን አይጠረጥርም። በዚያው ሥራ ላይ ሣር ሲግጥ የነበረ አንድ ጭላዳ መጋጠሚያው ላይ ወድቆ ግማሽ አካሉ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ማስክ በሚባለው መሣሪያ ሙሉ አካሉ ያለበት ፎቶ እንዲመረጥ በማድረግ መለስኩት።

ስለ ትንበያ (ፕሮጄክሽን) ምርጫ፣ ማለትም ዙሪያችንን ያየነውን እይታ በጠፍጣፋ ምስል ላይ ስለምንዘረጋበት ስልት፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀረው ትንበያ ለሕንፃ መልካም ቢሆንም፣ እይታው ወደ 120 ዲግሪ ሲጠጋ ጠርዞቹ ይለጠጣሉና ለሰፊ መልክዓ ምድር ሲሊንደራዊውን ምረጡ።

አሁን ወደ ግቢው እንወጣለን። የበሩን የብረት አጥር ከቅርብ፣ የወዲያኛውን ሕንፃ ከሩቅ አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ቀጥሎም በተስተካከለው ትራይፖድ አንዳንድ ዙር አንሱ። ከምሳ በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተን አጥሩን እናያለን።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።