ደሙ ምን ይሠራል? በዞምቢ ልብ ወለዶች ላይ አስተያየት ለሚሰጡ አንባቢያን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ደም የበዛበት የዞምቢ ልብ ወለድ፣ ሞተው የተነሡ ሰዎች ሕያዋንን የሚነክሱበት ታሪክ ነው፤ በተለይም አንባቢ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሲጨርስ የሚሰጠው አስተያየት። አብዛኛው አስተያየት ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንዱ «ደሙ በዛብኝ፣ መሀል ላይ ተውኩት» ይላል፤ ሌላው «ሳላስቀምጠው አነጋሁት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ እያለ ለሚያመነታ ሰው ምንም አይነግሩትም። ደም መኖሩን ሽፋኑ ነግሮታል። እሱ የቸገረው ያ ሁሉ ደም በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

አስቀድሜ ስለ ምንጩ ጥቂት ልበል። ዞምቢ የመጣው ከሄይቲ ነው። በሄይቲ ባህላዊ እምነት ዞምቢ ሰው አይበላም፤ ቦኮር የሚባል አስማተኛ ነፍሱን ነጥቆ ያለ ዕረፍት የሚያሠራው ምስኪን ነው። እምነቱ የበቀለው በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ በባርነት ባለቁ አፍሪካውያን ዘንድ ስለሆነ፣ ሰው የሚፈራው ዞምቢ እንዳይነክሰው አልነበረም፤ ራሱ ዞምቢ እንዳይሆን፣ ሞቶም ከባርነት ሳያርፍ እንዳይቀር ነበር። ሥጋ የሚበላውን ዞምቢ ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጆርጅ ሮሜሮ በፒትስበርግ ከተማ አካባቢ ቀርጾ በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል አይነገርም፤ ደም ሆኖ የታየውም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ስለዚህ «እውነተኛ ዞምቢ አይሮጥም» ወይም «እውነተኛ ዞምቢ አያስብም» የሚል አስተያየት ስታነቡ፣ ዘሩ ከአንድ በላይ መሆኑን አስታውሱ። መጠየቅ ያለበት ደራሲው ራሱ ያወጣውን ሕግ ጠብቋል ወይ የሚለው ነው።

ሕጉን ለመያዝ እርሳስና አንድ ወረቀት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ስታነቡ እነዚህን ከነገጽ ቁጥራቸው ጻፉ፦ በሽታው በምን ይተላለፋል፣ በንክሻ ብቻ ነው ወይስ በጭረትና ዓይን ውስጥ በገባ ደምም ጭምር? የተነከሰ ሰው ለመለወጥ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ዞምቢው የሚያድነው በድምፅ ነው፣ በማሽተት ወይስ በዓይን? ይበሰብሳል? ምን ያቆመዋል? ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በተነከሰ ቁጥር ሰዓቱን አስተያዩ። በዚህ ዘርፍ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ እንኳ ያልተነገረን ወታደር በ10 ደቂቃ ይለወጥና የዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድም ግን ለመሰናበቻ እንዲበቃው 3 ቀን ይሰጠዋል። አንባቢ ይህን ቁጥሩን ባያነሣ እንኳ ይሰማዋል፤ «መጨረሻው አላሳመነኝም» የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል። እናንተ ግን ሁለቱን ገጾች ጠቅሳችሁ ካሳያችሁ አስተያየታችሁ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ የሰዓቱ ርዝመት የታሪኩንም ዓይነት ይወስናል። በሰከንዶች የሚለወጥ ሰው ሩጫ ብቻ ነው የሚሰጠን። ቀናት የሚቆይ ከሆነ ንክሻውን በልብሱ ሸፍኖ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር አባት ይኖራል። የእብድ ውሻ በሽታን የምናውቅ ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ምልክቱ ከተነከሱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከሳምንት በኋላ ወይም እስከ ዓመት ዘግይቶ። በዚህ በሽታ ያለው ሰቀቀን ከንክሻው ይልቅ በመጠበቁ ውስጥ ነው። ጥሩ ደራሲም ይህን መጠበቅ ይጠቀምበታል።

አሁን ወደ ደሙ እንምጣ። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ደም ከተቆረጠ የደም ሥር እየተስፈነጠረ የሚወጣው ልብ ስለምትገፋው ነው። ስለዚህ የዞምቢው ልብ ቆማለች ያለን ደራሲ አንገቱ ሲቆረጥ ደሙ ጣሪያ ነካ ካለን ሕጉን አፍርሷል፤ ከቆመ ሰውነት የሚወጣው ጠቁሮና ወፍሮ የሚንጠባጠብ ነገር ነው። የሞተ ሰው ሰውነትም ከሞት በኋላ በ2 እና በ6 ሰዓት መካከል መገተር ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ ሙሉ በሙሉ ይገተራል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይላላል። ከመቃብር ተነሥቶ ወዲያው የሚሮጥ ሬሳ ማብራሪያ ይፈልጋል። ይህን የምለው ልብ ወለድን በሕክምና መጽሐፍ ሚዛን ለመመዘን አይደለም። ደራሲው ሕጉን ከሰጠ በኋላ የሚያፈርሰው ሳያስብበት ከሆነ፣ ሌላውም ቦታ ላይ ሳያስብ እንደጻፈ አንባቢ ስለሚጠረጥር ነው። ዓለሙ ከጠፋ 2 ዓመት አልፎት ጀግናው ከቆመ መኪና ቤንዚን ቀድቶ ሲነዳ፣ ተመሳሳይ ጥርጣሬ ይመጣል፤ ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል።

አሰቃቂው ትዕይንት አስፈላጊ መሆኑን የምትለዩበት ቀላል መንገድ አለ። ትዕይንቱን ዝለሉትና ቀጣዩን ምዕራፍ አንብቡ። የጎደለ ነገር ከሌለ፣ ማንም ገጸ ባሕርይ እጁ ካልተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ ካላጣ፣ ከዚያ በኋላ የማይከፍተው በር ከሌለ፣ ትዕይንቱ ጌጥ ነበር። ጌጥ መሆኑ በራሱ ወንጀል አይደለም። ለጌጡ ብለው የሚመጡ አንባቢዎች አሉ፤ በእንግሊዝኛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ «ስፕላተርፐንክ» እየተባለ የሚጠራው ጽሑፍ ምንም ሳይሸፍን ማሳየትን ጥበቡ ያደረገ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስትመዝኑ ጥያቄው ይለወጣል፦ ማን የት እንደቆመ ይታያል? ሦስተኛው የሆድ ዕቃ ትዕይንት ከመጀመሪያው በምን ይለያል? ደራሲው ከዓይን ሌላ ጆሮና አፍንጫንም ያሠራል? ድግግሞሽ አንባቢን ያደነዝዛል፤ «መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ በኋላ ሰለቸኝ» የሚለው አስተያየት ትክክለኛ መረጃ ነው፣ መሰልቸቱ በስንተኛው ምዕራፍ እንደጀመረ ከተነገረ። ዘርፉን የማትወዱ ከሆነ ደግሞ ያንን በመጀመሪያው መስመር ተናገሩ። ደም ሊያይ የማይፈልግ ሰው ደም ለሚፈልጉ የተጻፈ መጽሐፍ ላይ የሚሰጠው ዝቅተኛ ነጥብ ደራሲውንም ቀጣዩን አንባቢም ይጎዳል።

ስለ ማስጠንቀቂያም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የዞምቢ ንክሻ ችሎ ያነባል፤ የሚሰብረው ሌላ ነው። በልጅ ላይ የሚደርስ ግፍ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ራስን ማጥፋት፣ የቤት እንስሳ ሞት። በተለይ አስገድዶ መድፈርን «ዓለም ጠፍቷል» ለማለት ብቻ የሚያስገቡ መጻሕፍት አሉ፣ ይህ ያለ ማመንታት መነገር አለበት። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በዝርዝር ይታያል ወይስ ይጠቀሳል፣ በመጽሐፉ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ፣ ይህን ንገሩ። በማን ላይ እንደደረሰ አትንገሩ። እንዲህ ካደረጋችሁ ታሪኩ አይበላሽም፣ ሰውም ሳይዘጋጅ አይገባበትም። መጽሐፉ የተከታታይ ታሪክ አንደኛው ክፍል ሆኖ ሳይቋጭ የሚያልቅ ከሆነም ግለጹ፤ በዚህ ዘርፍ ተከታታዩ ብዙ ነው።

የቀረኝ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ጉዳይ ነው፤ እነዚህን መጻሕፍት በአማርኛ ስናወራባቸው ወይም ስንተረጉማቸው ምን እንደሚሆን።

በእንግሊዝኛ ጥሬ ሥጋ ራሱ የመጸየፊያ መሣሪያ ነው። ዞምቢው ጥሬ ሥጋ በላ ማለት ግማሹን ሥራ ይሠራል። ቁርጥ በዐዋዜ ለሚበላ አንባቢ ግን ጥሬነቱ አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው የማን ሥጋ መሆኑ ነው። ተርጓሚ ለሰው አካል «ዳቢት» ወይም «ፍሪምባ» ቢል አንባቢው ፊት የሚመጣው ቅርጫ ነው። አካሉ ደረት፣ ጎን፣ ታፋ እየተባለ ሰው ሆኖ መቆየት አለበት። የሞተውንም ሬሳ፣ አስከሬን፣ በድን ወይም ጥንብ ማለት አንድ አይደለም። አስከሬን ሲባል የሚቀብሩት ወገን አለው። በድን ሲባል ነፍስ የሌለው ገላ ብቻ ነው። ጥንብ ከተባለ ሰውነቱ ተገፏል። ተርጓሚው የትኛውን ቃል በየትኛው ገጽ ላይ እንደተጠቀመ መመልከት የአስተያየት ሰጪ ሥራ ነው። ያልተቀበረ ሰው ሐዘኑ አይወጣም በሚባልበት አገር፣ ቀባሪ የጠፋበት ዓለም ከንክሻው በላይ ሊያስፈራ ይችላል፤ መጽሐፉ ይህን ነክቶት እንደሆነም ጻፉ።

ከሁሉ የከበደው ግሡ ነው። የእንግሊዝኛ ደራሲ ሰው ሲለወጥ በአንድ ተውላጠ ስም፣ በ«it»፣ ከሰውነት ያወጣዋል፤ እስከ ትናንት አባት የነበረው ዛሬ እንደ ዕቃ ይጠራል፣ መግደሉም ይቀላል። አማርኛ ይህ በር የለውም። እሱ ወይም እሷ ማለት ግድ ነው፤ ለታላቅ ደግሞ እሳቸው አለ። አባትየው በራቸውን ገፍተው፣ ከንፈራቸው ተቀድዶ፣ ወደ ልጃቸው ሲሄዱ ተራኪው «መጡ» ይላል ወይስ «መጣ»? «መጡ» ካለ ልጁ መጥረቢያውን የሚያነሣው በአንቱታ በሚጠራቸው አባቱ ላይ ነው። «መጣ» ካለ ክብሩ የወደቀው በዚያች ቃል ነው፣ አባትየውም ከምቱ በፊት ሞተዋል። ቀስ ብሎ የሚቀይር ተርጓሚም ሊኖር ይችላል፤ ልጁ አባቱን ለመጥራት ሞክሮ መልስ እስኪያጣ ድረስ «መጡ»፣ ከዚያ በኋላ «መጣ»። ትንሿ እህት ብትለወጥ ደግሞ አማርኛ የሚያሳሳውን ነገር ብዙ ጊዜ በሴት ስለሚጠራ «መጣች» በሚለው ውስጥ ስስቱ አብሮ ይመጣል፤ ተርጓሚው ሊያስወግደው ቢፈልግም አይችልም።

ስለዚህ ውይይታችንን በጣዕም አንጀምረው። እያንዳንዳችሁ በያዛችሁት መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያው የቤተሰብ አባል የሚለወጥበትን ገጽ ግለጡ፤ እንግሊዝኛውን የያዛችሁ አንዱን አንቀጽ በቃላችሁ ወደ አማርኛ መልሱት፤ ግሡ ጋ ስትደርሱ ምን እንደመረጣችሁና ለምን እንደሆነ ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ለዚህ 15 ደቂቃ አለን። ከፊት ረድፍ እንጀምር።