«መርጠሽኝ ነበር?»

እሺ... ይሰማል? ይሰማል። ዛሬ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ አይደለም የምቀዳው፤ መብራት ጠፍቷል፣ በረንዳ ላይ ነኝ። ስለዚህ ሻለቃ ከጮኸ ሻለቃ ነው፣ ሌባ አይደለም። «ውሻሽን ሽጪው» ያላችሁኝ ደግሞ፣ ገዢ አምጡ።

ስለ ምርጫው ላወራ ነበር። ማለቴ፣ አሁንም ስለ ምርጫው ነው። ግን ከዓሣ ቤቱ ልጀምር፣ ካልሆነ አልተነፍስም።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። ያ የዚህን ፕሮግራም ሁለት ክፍል ሙሉ የተንጨረጨርኩባቸው ተመራጭ፣ «ስልካቸው የሚነሳው በአምስት ዓመት አንዴ ነው» ያልኳቸው። ስማቸውን ያኔም አልጠራሁም፣ አሁንም አልጠራም። የክልል ምክር ቤት ናቸው፣ ፓርላማ አይደለም፤ ባለፈው አንዱ ሌላ ሰው መስሎት ስድብ ስለላከልኝ ነው የምደግመው። እና ዘንድሮ አይወዳደሩም። በቃኝ ብለዋል።

ቅዳሜ ጣና ሐይቅ ዳር ያቺ የምታውቋት ዓሣ ቤት ስገባ ጥግ ላይ ተቀምጠው ቀረሶ ጥብስ ይበላሉ። ብቻቸውን! ድሮ እኚህ ሰው ሲገቡ ስድስት ሰው ነበር ወንበር የሚስብላቸው። አሁን ሎሚ እንኳ ሁለቴ ጠይቀው ነው የመጣላቸው። ልሹለክ ስል አዩኝ። «ነይ እንጂ፣ ዓሣ ብቻውን የሚበላ ሰው አጥንት ያንቀዋል።» ምን ላድርግ፣ ታጥቤ ቀረብኩ። ዳጣውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ፕሮግራምሽን እሰማለሁ» አሉኝ።

(ሳቅ) እኔ በስንት ዓመቴ አጥንት ሳይኖር ታነቅሁ! የቱን ክፍል? አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ዝም ብለው አጥንቱን ከሥጋው እየለዩ ለእኔ ያጎርሱኛል። ሰደብኳቸው፣ ያጎርሱኛል። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ እንደ ዋዛ፣

«መርጠሽኝ ነበር?»

ቆይ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013ን ላስታውሳችሁ። ከነሐሴ 2012 በኮሮና ተገፍቶ የመጣው ምርጫ። ሰልፉ አላልቅ ብሎ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ተራዝሞ ነበር። እኔ እግሬ አብጦ ገባሁ፣ ሁለት ወረቀት ሰጡኝ፤ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለክልል። የፓርላማው ላይ ምልክት አደረግኩ። የክልሉን ዘርግቼ አየሁት... የጋሼን ስም አየሁት... እና ባዶውን አጠፍኩት። ለሌላ ሰው እንኳ አልሰጠሁም። ለምን? ደክሞኝ ነበር ልበል። ተናድጄ ነበር ልበል። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ለምን እንደሆነ ያወቅኩ አይመስለኝም። ባዶ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ሲገባ ድምፁ ከሌላው አይለይም።

እና ቅዳሜ ዓሣው አፌ ውስጥ እያለ «አዎ ጋሼ» አልኩ።

ማኘክ አቆሙ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰላችሁ፤ በማግስቱ ማለዳ፣ ቆጠራው አልቆ ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ፣ ሄደው ፊት ለፊቱ ቆመው ነበር። ቁጥሩን እያዩ «ከነዚህ ውስጥ ማን ማን ይሆን?» እያሉ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ሲያስቡ። «አንቺን ቆጥሬሻለሁ» አሉኝ።

ቆጥሬሻለሁ!

አራት ቀን ሆነኝ። ሻወር ስገባ፣ ባጃጅ ላይ፣ ቡና ስቆላ... «አዎ ጋሼ»። ድምፄን ራሱ አልወደድኩትም፣ የቀጠነ፣ የሕፃን ልጅ ድምፅ። «አይ፣ አልመረጥኩዎትም» ብል ምን ይሆን ነበር? ሥልጣን የላቸው፣ ምን ያደርጉኛል። እንዲያውም ሥልጣን ቢኖራቸው ኖሮ ደፍሬ እላቸው ነበር መሰለኝ። አላውቅም። ይሄንንም እያልኩ አላምነውም።

እኛ አገር በቃኝ ብሎ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ወግ የለንም። የካቲት 2010 ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እለቃለሁ ሲሉ እናቴ ቴሌቪዥኑን «እስቲ ድገመው» አለችው፤ ተሳስቶ ያነበበ ነው የመሰላት። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ደግሞ ነበሩ፤ ርእሰ ብሔር ከነበሩ በኋላ በ1997 ደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ያሸነፉ። ለዚያ የከፈሉት ዋጋ የፕሬዚዳንትነት ጥቅማ ጥቅማቸው ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን፤ ሳይሻር ለሚወጣ ሰው ግን ተረት አላዘጋጀንም። ጋሼን «ይቆጭዎታል?» ስላቸው የመለሱልኝ ስለ ዓሣው ነው። ቀረሶ እንደ ድሮው ትልቅ አይደለም አሉኝ።

ታንኳ የሚጎትቱትን አብረን እያየን ነበር። ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ከሠራ በኋላ አውጥተህ ፀሐይ ካላስመታኸው... አይ፣ ተውት። ፖለቲከኛን ከታንኳ ጋር ላመሳስል ነበር። «ፍሬ ነገሩ የታለ?» የምትለኝ ልጅ ትገድለኛለች።

ፍሬ ነገሩ ይኸውልሽ። ሰኞ ደግሞ የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም መጣ። እጩ ሆኗል። ለፓርላማ! ከ547ቱ አንዷን ወንበር ሊቀመጥባት። ትናንት እኮ ነው አፍንጫውን የጠረግኩለት። «እትዬ፣ ከፕሮግራምሽ አንድ ክፍል ስጪኝ» አለኝ። እትዬ! በሠላሳ ስምንት ዓመቴ! «ምን ልትሠራ ነው?» ስለው «እምቦጭ» አለ። (ሳቅ) ልጄ፣ ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ2004 ወዲህ ምረጡኝ ያለኝ ሁሉ እምቦጭን በአፉ ነቅሏል። ተቆጣ፤ «እኔ ወጣት ነኝ» አለ፣ ወጣትነት ማሽን ይመስል።

ግን አለ ነገር። ገጠር ቀበሌዎቹ ድረስ ለቅስቀሳ እንዴት ልትሄድ ነው ስለው ዝም አለ። ያ የሚለፈልፈው ልጅ። «መንገዱ ሲከፈት» አለ፣ ቀስ ብሎ። እኔም አልገፋሁም። እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሕገ መንግሥቱን በስልኩ ይዞ ነው የሚዞረው። አንቀጽ 54ን አነበበልኝ፤ የፓርላማ አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው። «ፓርቲ የሚል አየሽ?» አለኝ ዓይኑ እያበራ። አላየሁም። ጋሼም የዛሬ ስንት ዓመት እንደዚህ ዓይናቸው ያበራ ነበር ይሆን? ወይስ... ይሄን ማሰብ አልፈልግም፣ ልጁ ያሳዝነኛል።

በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ «ትመርጪኛለሽ አይደል?» አለ።

«አዎ።»

ያው ድምፅ፣ ያው ቀጭኑ። የምርጫ ካርድ እንኳ ገና አላወጣሁም!

አሁን ጭንቄ ጋሼ ይሰማሉ። ይሄንንም ይሰማሉ። ቆርጬ ላወጣው እችላለሁ፣ ከዓሣ ቤቱ እስከ... ግን ያኔ ምን ይቀራል፣ እምቦጭ ብቻ። ጋሼ፣ እዚህ ድረስ ከሰሙ... ከዚያ ቁጥር ላይ እኔን ይቀንሱ— አይ፣ እንዲህ ይባላል እንዴ? ሻለቃ! ዝም በል አልኩህ! ቆይ፣ በር ላይ ሰው አለ መሰለኝ፣ አንድ ጊዜ...