ዘፋኝ የማይገባበት ዜማ፦ የዋሊያስ ባንድ ጉዞ

(ምስል፦ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ማለዳ። ባጃጅ ውስጥ ሙዚቃ ይሰማል።)

ይቺን ዜማ ታውቋታላችሁ። ስሟን ባታውቁም ታውቋታላችሁ። ግጥም የላትም። ዘፋኙ አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል ስትሉ ታልቃለች።

ስሟ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። የደረሷት ጋሽ ግርማ በየነ ናቸው፤ የተጫወታት ዋሊያስ ባንድ። እኔ እዚሁ ጅማ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ይቺን ዜማ ስጀምር ሽማግሌውም ጎረምሳውም እኩል ይነሳል። እነማን ተጫወቷት ብዬ ስጠይቅ ግን የሚመልስልኝ ሰው አላገኝም። ይሄ ቪዲዮ የተሠራው ለዚህ ነው። ዓመቶቹን እንዳይምታቱባችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

(ምስል፦ የቆዩ የባንድ ፎቶዎች።)

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ ሲባል ከጀርባው አንድ መሥሪያ ቤት ነበረ። የክብር ዘበኛ ባንድ፣ የጦር ሠራዊት ባንድ፣ የፖሊስ ባንድ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ባንድ። ሙዚቀኛው ደሞዝተኛ ነው። የሚነፋው ትራምፔት የመንግሥት ነው፤ የለበሰው የደንብ ልብስም የመንግሥት ነው። ሸክላ ማሳተም እንኳን በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ድርሻ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ያንን ሕግ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። እኔ ይሄን ድፍረት ሁሌም አደንቃለሁ። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው።

ዋሊያሶች የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬኑስ በሚባል የምሽት ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ተሰባስበው የራሳቸውን ባንድ አቆሙ። ስሙን ከዋልያ ወሰዱ። ኦርጋን ላይ ኃይሉ መርጊያ። ቤዝ ላይ መላከ ገብሬ። ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታር ማሕሙድ አማን፣ ድራም ተማረ ሐረጉ። ፒያኖና ቅንብር ላይ ደግሞ ግርማ በየነ። አዛዥ የላቸውም፤ ደሞዝ የሚቆርጥላቸው መሥሪያ ቤትም የለም። ሥራ ካለ ይበላሉ፤ ከሌለ የለም።

ሥራውን ያገኙት አዲስ አበባ ሂልተን ነው። ለዓመታት የሆቴሉ ባንድ ሆነው ተጫወቱ። እንግዳው እራት ሲበላ ለስለስ ያለ ዜማ፣ መሸት ሲል ጭፈራ። ያለ ዘፋኝ መጫወት የለመዱት በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይመስለኛል። ራት ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬውን ማውራት ይፈልጋል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። አስቡት፤ ማታ ክበብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም። ስለዚህ በሩ ይዘጋና ሰው እዚያው ያነጋል። ሰው ካነጋ ባንዱም ያነጋል። አንድ ሰርግ ላይ አራት ሰዓት ስጫወት ጣቴ ይደነዝዛል። እነሱ ይሄን በየሌሊቱ ነው ያደረጉት! «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ የምትሰሙት መናበብ እንዲህ ካልሆነ ከየት ይመጣል? ቤዝና ድራም አንድ ነገር ይዘው ይደጋግማሉ፤ አይቸኩሉም። ሳክስፎንና ትራምፔት አንድ ሰው የሚነፋቸው እስኪመስል አብረው ይገባሉ። ኦርጋኑ በመሃል ይንሸራሸራል። ማንም ማንን አይጋፋም።

(ምስል፦ የጅማ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሸክላ ማጫወቻ።)

ዜማዋ የወጣችው በ1977 «ቼ በለው» በተባለው አልበም ላይ ነው። ቼ፣ ፈረስ ሲጋለብ የምንለው ቼ! እዚህ አልበም ላይ አብሯቸው የተጫወተ አንድ ሰው አለ፤ የእኛ ሰው። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ። በ1943 የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። እንግሊዝ ተምረው፣ ቦስተን ተምረው፣ የአገራችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር አጋብተው ኢትዮ ጃዝን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ጅማ ስሟ በቡና ይነሳል፤ ደስ ይለኛል። በሙዚቃም ይነሳ።

በ1981 ዋሊያሶች አሜሪካ ሄዱ። በመንግሥት ልዑክነት ሳይሆን በግል አሜሪካን የዞረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እነሱ ናቸው። አዳራሹን የሞላው በአብዛኛው ከአገሩ የተሰደደ ሐበሻ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ አራቱ አልተመለሱም፦ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ። ዮሐንስና ተማረ አዲስ አበባ ላይ ስሙን ይዘው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆዩ። ስለነዚህ ሁለቱ ብዙ አይወራም፤ ያሳዝነኛል። ስም ይዞ መቆየትም ሥራ ነው።

አሜሪካ ከቀሩት አንዳንዶቹ ዙላ የሚባል ባንድ ሞከሩ። ጋሽ ግርማ ሙዚቃውን ትተው ነዳጅ ማደያ ሠሩ። ጋሽ ኃይሉ በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ። አኮርዲዮን፣ ኪቦርድ፣ የድራም ማሽን። ሁሉንም ድምፅ ራሳቸው አንድ በአንድ ደራርበው «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠሩ። ዛሬ ጅማ ሆቴል ውስጥ ዋን ማን ባንድ የምንለው ልጅ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው። ካሴቱን በሰማሁት ቁጥር ግን ያልመጡት የባንዱ ልጆች ቦታ ይታየኛል።

ከዚያ ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዱ፤ ለብዙ ዓመታት። ኪቦርዳቸው የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ያወጡትና ይለማመዳሉ።

አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለ፤ ካሴቱም በ2013 እንደገና ታተመ። በዓመቱ «ቼ በለው» ተከተለ። ጋሽ ኃይሉ መድረክ ላይ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። ጋሽ ግርማም በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ይዘው ብቅ አሉ።

(ምስል፦ ባጃጁ አዌቱ ወንዝን ተሻግሮ ይሄዳል። ዜማው ከፍ ይላል።)

አሁን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ክፈቱት። ዘፋኝ አትጠብቁ። ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ ተከተሉት፤ መላከ ገብሬ ነው።