ጎመንዘር ያጎረስኩት መሬት

ሰላም ናችሁ? ዛሬም ስታዲየም አካባቢ ካለችው ክፍሌ ነኝ፤ ባቡሩ ሲያልፍ ከተሰማችሁ ቻሉት። ጠዋት እናቴ ምጣድ ስታስስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። የተወቀጠ ጎመንዘር በጨርቅ ቋጥራ የጋለው ምጣድ ላይ ስታዞረው ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። በቃ፣ የዛሬው ወሬ እሱ ነው።

ጎመንዘር የሰናፍጭና የጎመን ልጅ ነው፤ ሁለቱ በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ፣ የኛው ደጋ ተክል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት መቶ በመቶ ከዘሩ ዘይት በተሠራ ነዳጅ በሯል። ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ ለምጣድ ምን ቀረን?» አለችኝ።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት አጎቴ አሰላ አካባቢ አንድ ጥማድ ለቀቀልኝ፤ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራበት የሰለቸ መሬት ነው። ሰኔ ላይ በተንኩ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በጣት መሀል ያመልጣል፣ እጅ ላይ አይታወቅም፤ 2 ኪሎ ተኩል የሚበቃውን መሬት 6 ኪሎ አጎረስኩት። ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅልማ ፎቶ ሁሉ ልኬያለሁ። ነሐሴ ላይ አገዳው እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ተመዘዘ፣ አንድ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና አስተኛው። የተረፈውን ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ጨረሰልኝ።

አጎቴ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ዘሩንማ አልነፈግከውም፤ መሬት ነው የነፈግከው» አለኝ።

በዓመቱ በመስመር ዘራን። ጓሉ እስኪደቅ ደጋግመን አርሰን፣ በመስመሮቹ መሀል 30 ሴንቲ ሜትር ትተን፣ ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን፣ ከላይ ስስ አፈር ብቻ፤ ጠልቆ ከገባ ይቀራል። የበረቱን ፍግም አልረሳንም። ሲበቅል ደግሞ አሳሳነው። ቅጠሉ ጎመን አይደል? የነቀልነውን የአጎቴ ሚስት ገበያ አውጥታ ሸጠችውና ዘሩ ገና ሳይታሰብ የአረም ወጪያችን ተሸፈነ። እኔ ይሄን በሕልሜም አላሰብኩትም።

ክሽክሹን በየጊዜው እየዞሩ ማየት ነው፤ አበባው ጫፍ ላይ አመድ የተነሰነሰ ከመሰላችሁ እሱ ነው። አጨዳ ላይ ደግሞ የፍሬው ሽፋን ቢጫ ሲሆን፣ ክው ብሎ ሳይደርቅ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ ነው ማጨድ። ቀትር ላይ ከነካችሁት ፍሬው መሬት ይቀራል።

ግማሹን ወዲያው ሸጥን፣ ዕዳ ነበረብን። ሌላው ግማሽ አጎቴ ጎታ ውስጥ ነው፤ ሁሉም በሚሸጥበት ሰሞን ዋጋው ይወርዳላ። ለእናቴ ግን ሁለት ጣሳ አስቀድሜ ቀንሻለሁ።