ሳንመዝን የሰጠነው ክዳን

በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪ ያቀረቡት ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት፣ ርእሰ መምህራችን፣ የሥራ ባልደረቦቼና ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን ለዓመቱ መዝጊያ በዓላችን በሰላም አደረሳችሁ።

የመርሐ ግብሩ መሪ የሰጡኝ ርእስ «የፕላስቲክ ክዳን ጥቅሞች» የሚል ሲሆን የተፈቀደልኝ ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ርእሱን አከብራለሁ፤ ሰዓቱን ለማክበር ግን ቃል አልገባም፤ ምክንያቱም በዚህ አዳራሽ ክዳን የሚለው ቃል ሲነሣ ማን ወደ ማን እንደሚያይ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ምክንያት ተዘግተው የቆዩት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚጠጣውን ውኃ ከቤቱ ይዞ እንዲመጣና ከጓደኛው እንዳይቀባበል አዝዘን ስለነበር፣ ግቢያችን በአንድ ወር ውስጥ ሁላችንም ሃይላንድ በምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞላ። ጠርሙሱን ቆራሌው ከበር ላይ በኪሎ ይወስደው ነበር፤ ክዳኑን ግን እየፈታ እዚያው አጥር ሥር ይጥለዋል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ካልተከፈተ አይጨፈለቅም፤ ክዳኑን ደግሞ ከጠርሙሱ ጋር የሚቀበለኝ የለም» አለኝ። እንግዲህ መሰብሰብ የጀመርነው ለጽድቅ ብለን አልነበረም፤ የጽዳት ሠራተኛችን ወገቧ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብላ ስትለቅም አይተን ነው።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ፣ ስሙን ዛሬ የማልጠራው አንድ ድርጅት ባነር ይዞ መጣ። ዐሥር ሺህ ክዳን ላስረከበ ትምህርት ቤት አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ይሰጣል ተባለ። ልጇን አዝላ በየቀኑ ይህንን ዳገት የምትወጣውን እናት ሁላችንም እናውቃታለን፤ ባነሩ ሲሰቀል ፊት ለፊት የተቀመጠችው እርሷ ነበረች። እኔም ከማንም በላይ አጨበጨብኩ። ይህን የምናገረው «እርስዎስ የት ነበሩ?» ለሚለኝ ሰው መልሱን አስቀድሜ ለመስጠት ነው።

ከዚያ በኋላ ሠርግ ቤቱ፣ ልቅሶ ቤቱ፣ የዕድሩ ድንኳን፣ የታክሲ ወንበር ሥር እንኳ ሳይቀር ተፈተሸ። አንድ የ4ኛ «ለ» ተማሪ በአክስቱ ሠርግ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እርሱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ክዳን ሲለቅም ተያዘና፣ ሰኞ ዕለት የአባቱን ኮት ሁለቱንም ኪስ ሞልቶ መጣ። ኪሱ ውስጥ ከክዳኑ ጋር የጉንዳን ሠራዊት ነበረበት፤ የለስላሳ ክዳን ካልታጠበ ስኳሩ በጥርሶቹ መካከል ተጣብቆ ይቀራልና። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶች ክዳኑን በወንፊት እያለቀለቁ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጡ መላክ ጀመሩ፤ በርበሬ ከተሰጣበት ሰሌን ጎን ክዳን የተሰጣበት ግቢ እኔ ራሴ ገብቼ አይቻለሁ። በየግድግዳው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን ጽፈን ነበር፤ ጽሑፉ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ዛሬም አለ።

በሦስት ዓመት 23 ማዳበሪያ ሞላን፤ በእያንዳንዱ ማዳበሪያ ላይ የሞላው ክፍል ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ግንቦት 2015 ዓ.ም. መኪና መጣ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ የሆነ የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ መኪናው ወጣ። ከዚህ ግቢ አንዲት እግሯ የተሰበረ ወንበር ለማስወጣት እንኳ ሞዴል 22 የሚባለው የንብረት ማውጫ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ 23 ማዳበሪያ የልጆች ድካም ግን በጭብጨባ ወጣ። አልመዘንነውም። አልቆጠርነውም። የተረከበውም ሰው ፈርሞ አልሄደም።

ክረምቱን ጠበቅን፤ ወንበሩ አልመጣም። መስከረም ላይ ስንደውል «በሂደት ላይ ነው» ተባልን፤ ጥር ላይ ስንደውል ስልኩን የሚያነሣው ጠፋ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነና ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣና አሁን የጭነት መኪና ረዳት የሆነ ልጅ መጥቶ «ቲቸር፣ ማዳበሪያችሁን ቀበና ወንዝ ዳር አየሁት» አለኝ። አላመንኩትም፤ አብሬው ወረድኩ። ከድልድዩ በታች፣ የፈረሰ ቤት አፈር በተደፋበት ቦታ፣ አፋቸው የተፈታ ማዳበሪያዎች ተጋድመው ነበር፤ በአንዱ ላይ ቀዩ ቀለም ደብዝዞ «4ኛ ለ» የሚለው ይነበባል። ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ውኃው በሚሽከረከርበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰማያዊ፣ ነጭና ብርቱካናማ ክዳኖች እንደ እንጀራ ዐይን ተጠጋግተው ይዞራሉ። ጎርፍ ሲመጣ ከቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። ልጆቻችን ከከተማው ጠረጴዛ ሥር አንድ በአንድ የለቀሙትን፣ ዐዋቂዎች በአንድ ቀን ወንዝ ውስጥ ደፉት!

ለምን እንዳልሰመጡ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይነግሯችኋል። ጠርሙሱ የሚሠራው ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ይህም ከውኃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። ክዳኑ ግን ፖሊፕሮፒሊን ወይም ጠጣሩ ፖሊኤቲሊን ነው፤ ሁለቱም ከውኃ ይቀልላሉ። ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልተን የተከተፈ ጠርሙስና የተከተፈ ክዳን ቀላቅለን ስንጨምር፣ ልጆቹ እያዩ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌላው ከላይ ይቀራል። ፋብሪካዎችም የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ፔት የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ሲሆን ክዳኑ ግን እንደ ዐይነቱ ከ130 እስከ 165 ባለው ስለሚቀልጥ፣ ሁለቱ አብረው ጥሩ ዕቃ አይወጣቸውም። ቆራሌው እኔ ሳልማረው በፊት ይህን በእጁ ዐውቆት ኖሯል።

አንዳንዶቻችሁ ከዚህ ተነሥታችሁ «ክዳን ለወንበር የሚባለው ነገር ከመጀመሪያውም ውሸት ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። ውሸት አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተ፣ ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የፍቅር ክዳኖች» የሚባል፣ ኮሜዲያኑ ዣን ማሪ ቢጋር የሚደግፈው ማኅበር ክዳን በክብደት እየሸጠ ለአካል ጉዳተኞች መሣሪያ መግዣ ያውላል። በቱርክም የአከርካሪ ጉዳተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ተሽከርካሪ ወንበሮችን ያቀርባል። ክዳኑ ራሱ ወንበር አይሆንም፤ የሚቀበል ፋብሪካ አለ፣ ሚዛን አለ፣ የኪሎ ዋጋ አለ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት አለ። ጃፓኖች አንድ ኪሎ 430 ክዳን፣ ለአንድ ልጅ የፖሊዮ ክትባት ደግሞ 860 ክዳን ብለው ለሕዝባቸው በግልጽ አስልተው ነበር። እዚያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015፣ ከሰብሳቢዎቹ መካከል ትልቁ ድርጅት ለክትባት የሚሰጠውን ገንዘብ ካቆመ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሆነው ጋዜጦች ይፋ አወጡ። ነገሩ ሊታወቅ የቻለው ሒሳቡ የተጻፈ ስለነበረ ነው። እኛ ዘንድ ሊጋለጥ የሚችል ወረቀት እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሒሳቡን ልጆቹ ሠሩት። ከሱቅ ሚዛን ተውሰን አንድ ኪሎ ክዳን ስንቆጥር 512 ሆነ፤ የኛዎቹ ከጃፓኖቹ ቀለል ይላሉ ማለት ነው። አንድ ማዳበሪያ 16 ኪሎ መዘነ። ያኔ የሰጠነው 23 ማዳበሪያ እንግዲህ 368 ኪሎ፣ ወይም ከ188 ሺህ በላይ ክዳን ነበር፤ በቃሉ መሠረት 18 ወንበር ይገባን ነበር። እውነተኛው ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ ዐሥር ሺህ ክዳን ሃያ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ በሃያ ኪሎ ክዳን ዋጋ የወንበሩ አንድ ጎማ አይገዛም። ያን ቀን ከዚህ አዳራሽ አንድ ሰው ተነሥቶ «አንድ ክዳን ስንት ግራም ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ባነሩ ወዲያው ይወርድ ነበር። ሁለት የሒሳብ መምህራን ተቀምጠን ነበር፤ አንዷ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ተሰጠኝ ርእስ ልመለስ። ከወንዙ ከተመለስኩ በኋላ፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ቀርቶ በነበረው ግማሽ ማዳበሪያ ክዳን መጀመሪያ የተጠቀመችበት የአንደኛ ክፍል መምህርታችን ናት። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ 231 ክዳን መርጣ በማይለቅ ማርከር እያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፈች፤ ግዕዙን በነጭ፣ ካዕቡን በሰማያዊ እያለች እስከ ሳብዕ ድረስ የተገኘውን ቀለም ሁሉ ተጠቀመች። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ስማቸውን ይደረድራሉ። አንዱ ትንሽ ልጅ «ሀ»ን በአንድ እጁ፣ «ሐ»ን በሌላው ይዞ ብዙ ካሰበ በኋላ «ቲቸር፣ ሁለቱም አንድ ድምፅ ከሆኑ አንዱን ለቆራሌው እንስጠው?» አላት። የቋንቋ ምሁራን ስንት ዓመት የተከራከሩበትን ጉዳይ እርሱ በአንድ ክዳን ጨረሰው።

ዐይነ ስውር ተማሪያችን ያለበት ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር ፈጠረ። የብሬል ፊደል በስድስት ነጥብ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ከእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ሁለት በሦስት የሆኑ ስድስት ጉድጓዶች ይቆረጣሉ፤ ክዳን የገባበት ጉድጓድ ነጥብ አለው፣ ባዶው የለውም። ዐይናማዎቹ የክፍል ጓደኞቹ የብሬል ፊደል ያጠኑት በዚህ ነው፤ ዛሬ በፈተና ሰዓት በዚያ ሲኮራረጁ ይያዛሉ። ዘበኛችንም በበኩላቸው ዐሥራ ሁለት ሰማያዊና ዐሥራ ሁለት ነጭ ክዳን ወስደው ዳማ ሠርተዋል፤ ድሮ በቆርኪ ስንጫወት አንዱ ወገን ሆዱን፣ ሌላው ጀርባውን እያዞረ የነበረውን ጣጣ ቀለሙ ገላግሎናል ይላሉ።

የቀረውን በአጭሩ። ክዳኑን በጋለ ምስማር በስቶ ችግኝ ማጠጫ ማድረግ ይቻላል፤ በሽቦ ዐሥር በዐሥር ሰክቶ መቁጠሪያ ማድረግም ይቻላል፤ የአጥሩን ግንብ ክዳን በሲሚንቶ ለጥፈን ለማስዋብ ሐሳብ አለ፤ በኔ ግምት ሲሚንቶው ከክዳኑ ይወደዳል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ባለበት ቤት ክዳን መሬት ላይ አይተው፤ ጉሮሮ ይዘጋል። በምድጃም አይቀለጥ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሦስት ሊትር የሚይዝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ የመጠጥ ጠርሙስ ሁሉ ክዳኑ ከአንገቱ እንዳይለይ ተደርጎ እንዲሠራ ታዝዟል፤ ወደ እኛ እስኪደርስ ግን ክዳኑ መሬት መውደቁን አያቆምም።

ወላጆች ሆይ፣ ባለፈው ሳምንት ሌላ ባነር መጥቷል። እርሱም ወንበር ይላል፤ እርሱም ፎቶ አንሺ ይዟል። ይህን ክበብ እስከማስተባብር ድረስ ከዚህ በር ሳይመዘን የሚወጣ ክዳን የለም! ገዢው ማን እንደሆነ፣ የኪሎውን ዋጋ፣ ገንዘቡ የሚገባበትን የሂሳብ ደብተር በጽሑፍ ያላቀረበ ሰው ባነሩን ጠቅልሎ ይሂድ። «በጎ ሥራን አታደናቅፉ» የምትሉኝ ባልደረቦቼ አላችሁ። ያቺ እናት ልጇን እስከ ሁለተኛ ክፍል ፍጻሜ በጀርባዋ አመላልሳ፣ በመጨረሻ ዳገት ወደሌለበት ሰፈር ቤት ተከራይታ ሄደች። ልጁ ሲሰናበተኝ «ቲቸር፣ ወንበሩ ከመጣ ለሌላ ልጅ ስጡት» አለኝ። በጎ ሥራውን ያደናቀፈው ማን እንደሆነ ለርሱ ሄዳችሁ አስረዱት።

ዘንድሮ የተሰበሰበው ስድስት ማዳበሪያ ክዳን ከዘበኛው ቤት ጎን ተቆልፎበት አለ። ከአንድ ገዢ ጋር ተነጋግረናል፤ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚዛኑ ግቢው መካከል ይቆማል። ኪሎውን የሚጽፉት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከወላጆች ሁለት ሰው በምስክርነት እንዲፈርም እንፈልጋለን፤ ሞዴል 22ም ተዘጋጅቷል። የሚገኘው ገንዘብ ለወንበር እንደማይበቃ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፤ የኅብረቱ አባላት የጎደለውን ለመሙላት ቃል ገብተዋል፤ ስማቸውንና መጠኑን በሩ ላይ ለጥፈናል። መፈረም የምትፈልጉ ስትወጡ ለዘበኛው ስማችሁን ንገሩ፤ ዳማ ላይ ካገኛችኋቸው ጨዋታው እስኪያልቅ ታገሡ።

አመሰግናለሁ።